ቶሚ ስቲል ማንን ከዳ?

የእንግሊዝ ሮክ ታሪክ ሲተረክ አካሄዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የኤልቪስ ድምፅ በሸክላ ተሳፍሮ ከአሜሪካ ይመጣል። ከዚያ የለንደን ልጆች ጊታር ያነሳሉ። ከዚያ ቢትልስ ይመጡና ዓለም ይገለበጣል። በዚህ መሃል ቶሚ ስቲል የሚባል፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ጥርሱን መክደን የማይችል ሳቂታ ልጅ ለአንድ ሁለት ገጽ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የሚሸኝበት ቃልም ብዙ አይለወጥም፦ ጥሩ ጀምሮ ነበር፣ ሮክን ትቶ ቲያትር ቤት ገባ፣ አለቀለት።

ጠቤ «አለቀለት» ከምትባለው ቃል ጋር ነው። አለቀለት የተባለው ሰውዬ እኮ ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ መድረክ ላይ ሠርቷል። በለንደንም በኒውዮርክም ቲያትር ቤት ሞልቷል። ከፍሬድ አስቴር ጋር ፊልም ሠርቷል። ራሱ ያዘጋጀውን ትርኢት ራሱ በመሪ ተዋናይነት ተጫውቷል። በ83 ዓመቱ «ሰር» ተብሏል። ማለቅ ይሄ ከሆነ ለሁላችንም ይድረሰን።

የምለው ነገር አጭር ነው። ቶሚ ስቲል ሮክን አልከዳም። የከዳው ነገር ካለ ሌሎች የጻፉለትን የሕይወት ታሪክ ነው፦ በ20 ዓመቱ እንዲደምቅ፣ በ25 ዓመቱ እንዲረሳ፣ ካልሆነም ለአፈ ታሪኩ እንዲያምር በጊዜ እንዲሞት የተጻፈለትን። እሱ ያንን ታሪክ አልቀበልም ብሎ ሙያ ተማረ። ሰዎች እስከ ዛሬ የማይምሩት በዚህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ሲሮጡ የታጠቁት

የእናት የአባቱ ስም ቶማስ ሂክስ ነው። በ1936 በደቡብ ለንደን፣ በርመንድሲ በሚባል ሰፈር ተወለደ። በርመንድሲ ያን ጊዜ በቴምስ ወንዝ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርዱና የሚጭኑ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ትምህርቱን ጨርሶ መርከብ ላይ ተቀጠረ፤ ተሳፋሪ እያስተናገደ ባሕር ያቋርጥ ጀመር። ካንትሪንና ገና በመወለድ ላይ የነበረውን ሮክ ኤንድ ሮል የሰማው መርከቧ አሜሪካ ወደብ ስትደርስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያለው እኩያው በሬዲዮ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኘውን ሙዚቃ እሱ ከምንጩ ጠጣ።

በ1956 ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ፣ ኦልድ ኮምፕተን ጎዳና ላይ «ቱ አይስ» የሚባል ቡና ቤት ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ወጣቶች ጊታር ይዘው ይዘፍናሉ። ጆን ኬኔዲ የሚባል የማስታወቂያ ሰው ልጁን እዚያ ሲዘፍን ሰማውና ላሪ ፓርንስ ከሚባል የልብስ ነጋዴ ጋር ሆነው ማኔጀሮቹ ሆኑ። ከላየነል ባርትና ከማይክ ፕራት ጋር የጻፈው «ሮክ ዊዝ ዘ ኬቭማን» ዓመቱ ሳያልቅ ወጥቶ 13ኛ ደረጃ ድረስ ደረሰ። በጥር 1957 ደግሞ «ሲንጊንግ ዘ ብሉዝ» አንደኛ ሆነለት። በዚያው 1957 ምን ተሠራለት መሰላችሁ? የሕይወት ታሪኩን የሚተርክ ፊልም! ርዕሱ «የቶሚ ስቲል ታሪክ»፣ መሪ ተዋናዩ ራሱ ቶሚ ስቲል። ዕድሜው 20 ነው። ከታወቀ ገና ዓመት አልሞላውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ፊልሙ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የ20 ዓመት ልጅ የሕይወት ታሪክ በችኮላ ፊልም የሚሆነው ባለገንዘቦቹ ልጁ ሁለተኛ ዓመት ይቆያል ብለው ስላልገመቱ ነው። ሮክ ራሱ እንደ ፋሽን ነበር የሚታየው። ዘንድሮ ይለበሳል፣ ለከርሞ ይጣላል። ማኔጀሮቹ፣ የሸክላ ካምፓኒውና ጋዜጣው ሁሉም በዚያው ሒሳብ ነው የሚሠሩት፦ ቶሎ እንሽጠው፣ ነገ አይፈለግም።

እንግዲህ ልጁ ላይ ለመፍረድ ከቸኮላችሁ መጀመሪያ ይህችን ጥያቄ መልሱልኝ። ዙሪያችሁ ያለው ሰው በሙሉ ለከርሞ እንደማትኖሩ አድርጎ ሲያስብላችሁ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ስቲል ያደረገው ይኸው ነው። በታኅሣሥ 1958 ሮጀርስና ሀመርስታይን የደረሱት «ሲንደሬላ» በለንደን ኮሊሲየም ሲታይ በተንስ የሚባለውን ሎሌ ሆኖ ተጫወተ። በ1960 ደግሞ አንድ የሮክ ዘፋኝ ዝር ይልበታል ተብሎ የማይታሰብ ቦታ፣ ኦልድ ቪክ ገባ። የኦሊቨር ጎልድስሚዝን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኮሜዲ፣ «ሺ ስቱፕስ ቱ ኮንከር»ን፣ ከሰለጠኑ የሼክስፒር ተዋንያን ጋር ተወነ። ሎንግ ፕሌይ ማሳተም ሲችል፣ ጩኸቱ ገና ሳይበርድ፣ ዜሮ ላይ ቆሞ እንደ ጀማሪ መማርን መረጠ። ይህን «ማለቅ» ብሎ መጥራት ከየት የመጣ ቋንቋ ነው?

«ድሮም እውነተኛ አልነበረም»

የመጀመሪያው ክስ ይሄ ነው። ስቲል ሲጀምርም የውሸት ሮከር ነበር ይላሉ። ኬቭማን የተባለው ዘፈን ግማሹ ቀልድ ነው፣ ሲንጊንግ ዘ ብሉዝ ደግሞ የአሜሪካውያን ዘፈን ነው፤ ጋይ ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ራሱ በዚያው ሰሞን ከፊቱም ከኋላውም አንደኛ አድርጎታል።

እውነት ነው። አልክድም። ግን ያኔ እንግሊዝ ውስጥ «እውነተኛው» ማን ነበር? ከስቲል በኋላ ላሪ ፓርንስ የሰበሰባቸውን ልጆች ተመልከቱ። ሬጂናልድ ስሚዝ የሚባለው ልጅ ማርቲ ዋይልድ ተባለ፤ ዋይልድ ማለት ያልተገራ ማለት ነው። ሮናልድ ዊቸርሊ የሚባለው ከሊቨርፑል የመጣ ልጅ ቢሊ ፊዩሪ ተባለ፤ ፊዩሪ ማለት ቁጣ ማለት ነው። አያችሁ? ቁጣውም አለመገራቱም ከስም ጋር አብሮ የተሰጠ ነው። ልጆቹ ላይ ችሎታ የለም እያልኩ አይደለም፤ በተለይ ፊዩሪ ድንቅ ዘፋኝ ነበር። የምለው «ጥሬ»ው፣ «ያልተገራ»ው ሮክ ራሱ ሶሆ ውስጥ ቢሮ ተከፍቶ የሚመረት ሸቀጥ ነበር ነው። አምራቹ ለአንዳንዶቹ ልጆች ሳምንታዊ ደሞዝ እየከፈለ ትርፉን ለራሱ ያስቀር ነበር፤ በስሙ ላይ ቀልደው «ፓርንስ፣ ሽልንግና ፔንስ» የሚል ቅጽል ያወጡለት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ስቲል ከእውነተኛ ነገር ወደ ውሸት አልሄደም። ሰው ከሚመረትበት ቦታ ተነስቶ ሰው ሙያ ወደሚማርበት ቦታ ሄደ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሸቀጥ ያረጃል። ባለሙያ ግን በዕድሜው ይበስላል።

ኤልቪስን የማረው ሚዛን

ሁለተኛው ክስ ትንሽ ይከብዳል። እሺ፣ ሮክ ያኔ ንግድ ነበር እንበል፤ ቢሆንም ኤልቪስ ታማኝ ሆኖ ቆየ፣ ስቲል ግን ወደ ቤተሰብ መዝናኛ ተንሸራተተ ይላሉ።

ኤልቪስ ታማኝ ሆኖ ቆየ? እስቲ ቁጥሩን እንይ። ኤልቪስ በመጋቢት 1961 ሃዋይ ውስጥ ለሕዝብ ከዘፈነ በኋላ እስከ 1968ቱ የቴሌቪዥን ትርኢት ድረስ ተመልካች ፊት አልቆመም። ሰባት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ምን ይሠራ ነበር? በዓመት ሁለት ሦስት ፊልም። የባሕር ዳርቻ፣ የመኪና እሽቅድድም፣ ቆንጆ ልጅ፣ አምስት ስድስት ዘፈን፣ መጨረሻው ሠርግ። ብዙዎቹን ዛሬ የሚወዳቸው አድናቂ እንኳ ሲያነሳቸው ፈገግ እያለ ነው።

ስቲልስ በእነዚያው ሰባት ዓመታት ምን ሠራ? በ1963 በለንደን ካምብሪጅ ቲያትር «ሀፍ ኤ ሲክስፔንስ»ን ጀመረ። ትርኢቱ 677 ጊዜ ታየ። በ1965 ወደ ብሮድዌይ ወሰደው፤ እዚያም 511 ጊዜ ታየ፣ እሱም ለቶኒ ሽልማት ታጨ። በ1967 ትርኢቱ ፊልም ሲሆን መሪ ተዋናዩ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ለዲዝኒ ሌላ ፊልም ሠራ። በ1968 ደግሞ ገና ወጣት የነበረው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ባዘጋጀው «ፊኒያንስ ሬንቦው» ላይ ከፍሬድ አስቴርና ከፔቱላ ክላርክ ጋር ተወነ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሕያው ተመልካች ተደብቆ ማኔጀሩ የፈረመለትን ሲሠራ ኖረ። ሌላው በየማታው ሕያው ተመልካች ፊት ቆመ። «ሮክን ከዳ» የተባለው ግን ሁለተኛው ነው! ኤልቪስ ይቅርታ የተደረገለት በ1968 ጥቁር ቆዳ ለብሶ ስለተመለሰ ነው፤ ከዚያ ደግሞ በ1977፣ በ42 ዓመቱ ስለሞተ። ሞት ታሪኩን ዘጋለት። አሳዛኙ ነገር እንዲህ ያለውን መዝጊያ የምንወድ መሆናችን ነው። ስቲል በ42 ዓመቱ፣ በ1979፣ ለንደን ውስጥ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ቲያትር ብቻውን ትርኢት ያቀርብ ነበር። ጤነኛ፣ ባለትዳር፣ ባለሥራ። ይሄ ለአፈ ታሪክ አይመችም። ለሰው ግን ይመቻል።

ኤልቪስን ለማሳነስ አይደለም ይህን የማነሳው። የድምፁ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ስቲል አጠገቡ አይደርስም። የማነሳው ሚዛኑ ስለተንሻፈፈ ነው። «ታማኝነት» የሚሉት ነገር ዕድሜ ልክ አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ሙዚቃ ሳይሆን ስለ ቁም ሳጥን ነው የምናወራው።

ማን ነው ጥሬ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው?

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ መደብ ይሄዳል።

በ1957 ደራሲው ኮሊን ማኪነስ ስለ ስቲል አንድ ዝነኛ መጣጥፍ ጽፎ ነበር፤ ርዕሱ «ወጣት እንግሊዝ፣ ግማሽ እንግሊዛዊ» እንደማለት ነው። ማኪነስ ያስተዋለው ነገር ጥሩ ነበር፦ ልጁ ሲዘፍን በአሜሪካ ዘዬ ነው፣ በዘፈን መሃል ሲያወራ ግን ድርቅ ያለ የበርመንድሲ ልጅ ነው። ሁለት አፍ አለው።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ የስቲልን ቀጣይ እርምጃ እንደ አዲስ እዩት። ሮክ ሲዘፍን የሌላ አገር ሰው መምሰል ነበረበት። በራሱ አፍ መዝፈን የቻለው የት ነው? ቲያትር ቤት! ሀፍ ኤ ሲክስፔንስ የተወሰደው ከኤች ጂ ዌልስ «ኪፕስ» ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተላላኪ ልጅ ነው። ሳያስበው ውርስ ያገኛል፤ ሀብታሞቹ መሃል ይገባል፤ ሹካ አያያዙን፣ አነጋገሩን፣ አቀማመጡን እያረሙ ያሳቅቁታል፤ ገንዘቡን ያጣል፤ በመጨረሻ ከልጅነት ፍቅሩ ጋር፣ በትንሽ ሱቅ፣ በሰላም ይኖራል። ርዕሱ የመጣው ለሁለት ከተሰነጠቀች የሲክስፔንስ ሳንቲም ነው፤ ግማሿን እሱ፣ ግማሿን እሷ ይዘዋታል።

ሙዚቃዊ ተውኔቱ የተዘጋጀው ለስቲል ተብሎ ነው። እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ባንጆ እየመታ፣ በሰፈሩ ዘዬ እያወራ፣ ድንገት ገንዘብ አግኝቶ የማያውቀው ዓለም ውስጥ የተዘፈቀ የድሃ ልጅን ተጫወተ። ታዲያ የራሱን ሕይወት የሚናገረው ዘፈን የትኛው ነው? ቴነሲ የተወለደ አስመስሎ የዘፈነው ሮክ ወይስ ይሄ?

ከዚህም በላይ፣ በርመንድሲ የራሱ ባህል ነበረው። የለንደን ሠራተኛ መደብ ከሮክ በፊት ሙዚክ ሆል የሚባል መድረክ ነበረው። አዝማሪ ቤት ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ዘፋኙ ከተመልካቹ ጋር ይመላለሳል፣ ይቀልዳል፣ ያስቃል፣ ያስለቅሳል፣ ቤቱ አብሮት ይዘፍናል። ስቲል ወደ ቲያትር ሲሄድ የሄደው ወደዚያ ነው። «ሮክን ትቶ ወደ ጌቶች ቤት ገባ» የሚለው ወቀሳ የተገለበጠ ነው፤ ከውጭ የመጣ ፋሽን ትቶ ወደ አያቶቹ ጨዋታ ተመለሰ።

ታዲያ ወቀሳው ለምን አይበርድም? እንደኔ እንደኔ፣ የተማረው ሰው የድሃ ልጅን ጥሬ ሆኖ ሲያይ ስለሚወድ ነው። ዲግሪ ያለው ሃያሲ ራሱ በየአምስት ዓመቱ ሥራ ይቀይራል፣ ቋንቋ ይማራል፣ ከጋዜጣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያልፋል፤ ይህ ለእሱ እድገት ነው። የወደብ ሰፈር ልጅ ከጊታር ወደ ጎልድስሚዝ ሲያልፍ ግን «ራሱን አጣ» ይባላል። ለምን? እሱ ማደግ አይፈቀድለትም? ዕድሜ ልኩን የ20 ዓመት ቁጡ ልጅ ሆኖ ለእኛ መቆጣት ግዴታው ነው?

ስምንት ጊዜ በሳምንት

ሦስተኛው ክስ ዛሬም በየኮሜንቱ የምናገኘው ነው፦ ቲያትር የዘፋኝ ጡረታ ቤት ነው። ሂት ሲነጥፍ ወደዚያ ይኬዳል።

ይህን የሚል ሰው የዌስት ኤንድን የሥራ ሳምንት አያውቀውም። ደንቡ በሳምንት ስምንት ትርኢት ነው። ስድስት ቀን በየማታው፣ ከስድስቱ ሁለቱን ቀን ደግሞ ከሰዓትም ይደገማል። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲሰበር «እንደገና» ይባላል። መድረክ ላይ እንደገና የለም። ማክሰኞ ማታ በዝናብ የመጣው ተመልካች ቅዳሜ ማታ ከመጣው እኩል ከፍሏል፤ እኩል ይገባዋል። ጉንፋን ቢይዝህ፣ ቤትህ ሐዘን ቢገባ፣ ትናንት ጋዜጣ ቢሰድብህ፣ መጋረጃው በሰዓቱ ይከፈታል። ያንኑ ቀልድ ለ400ኛ ጊዜ እንደ አዲስ መናገር ሙያ ነው። ለአንድ ምሽት መብረቅ መሆን ይቻላል፤ ዓመት ሙሉ መብራት መሆን ነው የሚከብደው።

በ1983 ስቲል ለንደን ፓላዲየም ላይ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን አመጣ። ጂን ኬሊ በ1952ቱ ፊልም የተጫወተውን ሚና እሱ ተጫወተ፤ ዳይሬክተሩም እሱ ነበር። ዕድሜው 46 ነው። ፊልሙ ላይ ዝናብ ውስጥ መጨፈር የጥቂት ቀን ቀረጻ ነው። መድረክ ላይ ግን በየማታው ውሃ እውነት ይወርዳል፣ በየማታው ወለሉ ያንሸራትታል፣ በየማታው ልብሱ ይደርቅና ነገ እንደገና ይረጥባል። ጡረታ እንዲህ ከሆነ ሥራው ምን ሊሆን ነው?

በር መክፈት የሚባለውም ይሄ ነው። በ1978 የፖፕ ኮከቡ ዴቪድ ኤሴክስ «ኤቪታ» ላይ ቼን ሆኖ ሲጫወት፣ በቴሌቪዥን ውድድር አሸንፎ የታወቀው ዊል ያንግ በ2012 «ካባሬ» ላይ ተውኖ ለኦሊቪየር ሽልማት ሲታጭ፣ በ2023 የሶል ዘፋኟ ቤቨርሊ ናይት ሽልማቱን «ሲልቪያ» በተባለው ሥራ ስትወስድ፣ ሁሉም ያለፉበትን መንገድ ቀድሞ የረገጠ ሰው ነበር። ናይት የተሸለመችበትን ትርኢት ያቀረበችው ደግሞ በዚያው ስቲል በ1960 በገባበት በኦልድ ቪክ ነው።

ጉድለቱንም እንናገር

ሰውየውን ጻድቅ ላደርገው አልተነሳሁም። የዘፈን ሥራዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ሲደመጡ ቀለል ያሉ ናቸው። በ1959 ተወዳጅ የሆነለት ስለ ትንሽዬ ነጭ በሬ የተዘፈነው ዘፈን የሕፃናት መዝሙር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ያ ዘለዓለማዊ ፈገግታውም አንዳንዴ ይደክማል፤ ሰው «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ተቆጣ» ሊለው ይችላል። በ2015 ደግሞ በ78 ዓመቱ፣ በ40 ዓመቱ የጠፋውን ሙዚቀኛ ግሌን ሚለርን ሆኖ መጫወቱ፣ እኔም ብሆን ለዳይሬክተሩ ቀስ ብዬ «ኧረ ይቅርብን» የምለው ነው።

ግን እነዚህ የሥራ ጉድለቶች ናቸው። ሠራተኛ ሰው ጉድለት አለው። ክህደት ሌላ ነገር ነው። ክህደት ለማለት መጀመሪያ የተገባ ቃል መኖር አለበት። ስቲል ለማን ነው «ዕድሜ ልኬን ሮከር እሆናለሁ» ብሎ የማለው? ቃሉን የገቡለት ሌሎች ናቸው፤ ሸክላውን የሸጡት፣ ፖስተሩን ያተሙት። የሌላ ሰው ቃል አልጠበቅህም ተብሎ ይፈረድበታል እንዴ?

በ2008 አንድ ነገር ሆነ። ታዋቂው የቲያትር ፕሮዲውሰር ቢል ኬንራይት ቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ ኤልቪስ በ1958 ተደብቆ ለንደን መጥቶ እንደነበርና ስቲል ከተማውን እንዳሳየው ተናገረ። ጋዜጦች ተንጫጩ። ወሬው ያከራክራል፤ የእኔ ነገር ግን ወሬው ላይ አይደለም። ግማሽ ክፍለ ዘመን መድረክ ላይ የሠራ ሰው የፊት ገጽ ዜና ሆኖ የተመለሰው በሥራው አይደለም፤ አንድ ቀን ኤልቪስን አስጎብኝቷል ስለተባለ ነው። ከዝነኛ አጠገብ አንድ ቀን መቆም ከ50 ዓመት ሥራ በለጠ ማለት ነው።

አሁን ይህን ከሌላ ነገር ጋር አስተያዩት። ሊቨርፑል፣ ስታንሊ ጎዳና ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት የነሐስ ሐውልት አለች። የቢትልስ ዘፈን ውስጥ ያለችው ኤሊነር ሪግቢ ናት፤ ከ1982 ጀምሮ እዚያ ተቀምጣለች። ቀራጩ ማን ነው? ቶሚ ስቲል። የጠየቀው ክፍያ ግማሽ ሲክስፔንስ ነበር፤ ሦስት ፔንስ። የቢትልስ መምጣት ከታሪክ ገጽ አጠፋው የሚባለው ሰውዬ ለቢትልስ መታሰቢያ በእጁ ሠርቶ በሦስት ፔንስ ሰጠ። ቂም ያለው ሰው፣ «አለቀልኝ» ብሎ የሚያዝን ሰው፣ እንዲህ አያደርግም። ሥራ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ስለ እኛ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ የእንግሊዝ አዛውንት ብቻ ብዬ አይደለም። የስቲል ታሪክ ላይ የተፈረደው ፍርድ ዛሬ በስልካችን ላይ በየቀኑ ይፈረዳል። አንዲት ልጅ በ19 ዓመቷ አንድ ዘፈን ትለቃለች፣ ሳምንት ሙሉ አገር ምድሩ በሱ ይጨፍራል። ሁለተኛው ያን ያህል አይታይም። ወዲያው ከሥሩ «ጠፋች እኮ»፣ «አበቃላት»፣ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ይዥጎደጎዳል። «የድሮው» የሚሉት የስድስት ወር ዕድሜ ያለውን ነው። ልጅቷ ምናልባት ትምህርት ቤት ገብታ ይሆናል። ምናልባት ድምፅ እያሠለጠነች፣ ምናልባት ትወና እየተማረች ይሆናል። ይህ ሁሉ በቪው አይቆጠርም። በቪው የማይቆጠረውን ደግሞ እኛ «ምንም» ብለን መጥራት ለመድን።

የሚጠቀመው ማን ነው? ልጅቷ አይደለችም፤ እኛም አይደለንም። የሚጠቀመው እንደ ፓርንስ ያለው ነው። ዘፋኝ በዓመቱ ያልቃል ብለን ባመንን ቁጥር አዲስ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነጋዴ አለ፤ አሮጌው ደግሞ በርካሽ ይጣልለታል። ሙያ ያለው ሰው ግን ይደራደራል፣ እምቢ ይላል፣ ሌላ በር ያንኳኳል። በ1958 ኮሊሲየም ገብቶ ሎሌ ሆኖ የተጫወተው የ22 ዓመት ልጅ የገባው ይሄ ነበር።

እና ልመናዬ ትንሽ ናት። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ዘፋኝ «ቲያትር ጀመረ» ሲባል ስትሰሙ «አለቀለት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ትኬት ቁረጡና ሂዱ። ማክሰኞ ማታ ይሁን፣ ዝናብ ቢኖር ደግሞ ይመረጣል። ካያችሁት በኋላ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በሉ፤ ይህ መብታችሁ ነው። ሳታዩት ግን አትቅበሩት። ሰውየው ምናልባት ገና 50 ዓመት ሥራ ይቀረው ይሆናል።